ማጣሪያውስ ይሠራ፤ አጫጁ ማን ነው?

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ይኸውም በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ውስጥ ባዶውን የቆመው የመስታወት የዓሣ ገንዳ እንደገና ውኃ ይሞላ ወይስ ተነሥቶ ቦታው ለሌላ ሥራ ይዋል የሚል ነው። ከፊሉ ተሰብሳቢ የጨው ውኃና የቀይ ባሕር ኮራል ይግባበት አለ። ከፊሉ ደግሞ «ባሕር ለሌለው አገር የባሕር አትክልት ምኑ ነው?» ብሎ ሣቀ። እኛ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች ከሁለቱም ወገን የተለየ አሳብ ስላለን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን በዚህ ገጽ ልናቀርበው ወደድን።

አስቀድመን ጥፋታችንን እንናገር። የቀድሞዎቹ ዓሦች ያለቁት በእኛው እጅ ነው። ለፈተና ስንሯሯጥ ውኃውን የሚለውጥ ጠፋ፤ ከዚያም ዕረፍት ሆነና ወደየቤታችን ተበተንን። ስንመለስ ውኃው ሸቶ፣ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው አገኘናቸው። ማጣሪያ አልነበረም እንዳይባል፣ በገንዘብ የተገዛ ማጣሪያ ነበር፤ ስፖንጁን ያጠበለት ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ «ሌላ ይገዛልን» የሚለው ልመና ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ የበላው ምግብ አሞንያ ሆኖ ወደ ውኃው ይወጣል፤ አሞንያ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱና ከምግብ የሚተርፈው ፎስፌት ግን የሚሄዱበት ስለሌላቸው በገንዳው ውስጥ ይከማቻሉ። በወንዝ ድንጋይ ላይ እግር የሚያዳልጠው አረንጓዴ ነገር፣ በመጻሕፍት ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባለው፣ የሚመገበው ይህንኑ ነው። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋውን እምቦጭና ቆቃን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ የሚያወፍረውም ይኸው ዓይነት ምግብ ነው። እንግዲህ አልጌው በገንዳው መካከል እንዳይበቅል ከተፈለገ፣ ከገንዳው ውጪ መብቀያ ማሳ ተሰጥቶት እየታጨደ ይጣል ማለት ነው።

ይህን አሳብ ከሥራ ላይ ያዋለው በአሜሪካ በስሚዝሶንያን ተቋም ይሠራ የነበረው የባሕር ተመራማሪ ዋልተር አዴይ ሲሆን፣ በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ኮራል ለማኖር ሲል አልጌን እንደ ማጣሪያ ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ዛሬ በየአገሩ ገንዳ ያላቸው ሰዎች በቤታቸው ይሠሩታል፤ እኛም ልንሠራው እንችላለን።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ የፕላስቲክ መረብ በመጋዝ ጥርስ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ይፋቃል፤ ለስላሳ ከሆነ አልጌው አይዝበትም። የውኃ ቧንቧ በቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰነጠቅና መረቡ ከስንጥቁ ይንጠለጠላል። ትንሽ ፓምፕ ከገንዳው ውኃ እየሳበ በመረቡ በሁለቱም ገጽ እንደ ስስ ፏፏቴ ያወርዳል፤ ውኃውም ወደ ገንዳው ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር የመረቡ ወርድ በሰዓት 50 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መረብ 500 ሊትር መሆኑ ነው። በግራና በቀኝ ውኃ የማይነካው አምፖል፣ በተለይም ቀይ ብርሃን የሚሰጥ፣ በቀን እስከ 18 ሰዓት ይበራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መረቡ አረንጓዴ ይለብሳል። ከዚያ ወዲያ በየ7 ወይም በየ14 ቀኑ መረቡ ይወጣና አልጌው ተፍቆ ይጣላል፤ ለዘር የሚሆን ትንሽ ይቀርለታል።

ይህ ዘዴ ለደጋ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። እንደ መሐል ሜዳ ባለ ከፍታው 3,000 ሜትር በሚደርስ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሦስት እጅ ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ያንሳል። ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳልና ዓሣ ቶሎ ይታፈናል። በመረብ ላይ በስሱ የሚወርድ ውኃ ግን አየር ይቀላቅላል፤ አልጌውም ብርሃን ባገኘ ጊዜ ኦክስጅን ይሰጣል።

ጨው ውኃ ይግባ ለሚሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን «ቆይ» እንላለን። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው ሲባል የአፋርን አሞሌ አሟሙቶ መጨመር ይበቃል ማለት አይደለም፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየምና ማግኒዚየም ሌሎችም ማዕድናት በልካቸው ያስፈልጋሉ። ሙቀቱም ሌት ተቀን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት። የደጋ ሌሊት ከእነ ውርጩ፣ መብራትም ከእነ መጥፋቱ እያለ ይህን መጀመር ኮራሉን ለሞት ማስመጣት ነው። በመጀመሪያ ብርድ የሚችሉ እንደ ካርፕ ያሉ ዓሦች ጫጩት በጨው አልባ ውኃ እናኑር፤ አልጌው በዚያም ይበቅላል። እነዚህን ዓመት ያኖረ እጅ ኮራል ቢጠይቅ ያምርበታል።

ለሚሥቁትም መልስ አለን። ነገ አያሌዎቻችን መምህራን ሆነን ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ራቤል፣ ወደ ዓለም ከተማ እንመደብ ይሆናል። በዚያ የተገዛ ማጣሪያ የሚጠብቅ መምህር ሲጠብቅ ይኖራል። መረብና ቧንቧ ይዞ የናይትሮጅንን ዑደት በተማሪው ዓይን ፊት የሚያሳይ መምህር ግን ትምህርቱን ከጥቁር ሰሌዳ ያወርደዋል።

ዋናው ነገር ግን መረቡም ፓምፑም አይደለም። አልጌው ካልታጨደ ከላይ ያለው የታችኛውን ብርሃን ይከለክለዋል፤ የታችኛው ይሞታል፣ ይበሰብሳል፣ የበላውንም ሁሉ ወደ ውኃው መልሶ ይተፋዋል። ይህን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያሻም። አባቶቻችን ጓሳን በቄሮ ደንብ ሲጠብቁ ሣሩን ለዓመታት ከልለው፣ ሲደርስ በጋራ ያጭዱ ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች አለቆቻቸውን መርጠው መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት በእነርሱ ቃል ያድሩ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ፣ ሣሩ በያለበት ያለ ተራ ታጨደ፣ ተጋጠም። ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ጓሳን ያቆየው አጥር አልነበረም፤ ተራውን የሚያውቅ ሰው ነበር እንጂ።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማጣሪያው በተማሪ እጅ ይሠራ፤ የሚገዙትም ፓምፑና አምፖሉ ብቻ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ዓሣ ከመግባቱ በፊት የተረኞች መዝገብ በገንዳው አጠገብ ይሰቀል፤ የዕረፍት ሳምንታትም ሳይቀሩ በስም ይያዙ። ሦስተኛ፣ የታጨደው አልጌ እየተመዘነ ይመዝገብና ለግቢው አትክልት ማዳበሪያ ይዋል፤ ውኃ የወሰደውን ለአፈር መመለስ ለደገኛ የመጀመሪያ ትምህርት ነውና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በመዝገቡ ላይ ሃምሳ ስም ከተገኘ ለአንድ ተማሪ በዓመት የሚደርሰው አንድ አጨዳ ነው። ሃምሳ ስም ካልተገኘ ግን ገንዳው ባዶውን ይቅር፤ ዓሣ ሁለተኛ ጊዜ በእኛ ስንፍና አይሙት። የመጀመሪያዎቹን የዕረፍት ሳምንታት ለመያዝ እኛ ስማችንን ጽፈናል። የቀረው መስመር የእናንተ ነው።