እሬት ሁሉ አንድ አይደለም

ኑሮ ሲመረን «እሬት እሬት አለኝ» እንላለን። የትኛው እሬት እንደሆነ ግን ብዙም አንጠይቅም። ውድ አንባቢያን፣ በረንዳችሁ ላይ ያለው ተክል «እሬት» ከመባል ያለፈ ስም ከሌለው መታወቂያው ግማሽ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ። በሻምፖና በቅባት ላይ ስሙን የምናነበው አሎ ቬራ ግን ከዐረብ ባሕረ ገብ መሬት የመጣ ነው።

ብዙዎቻችን የማናውቃትን ሴቴ እሬትን እንውሰድ። በደጋው ገደል ላይ ተንጠልጥላ ትበቅላለች። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃታል፤ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ማይክል ጊልበርት «አሎ ፑልቼሪማ» አሏት፤ በላቲን «እጅግ ውብ» ማለት ነው። ግንዷ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቅጠሏ ሰማያዊ ቀመስ ነው፣ አበባዋ ቀይ ነው። ከብዙዎቹ እሬቶች በተለየ የቅጠሏ ጠርዝ እሾህ የለውም። «እሬት እሾሃም ነው» ብሎ የሚፈልጋት ሰው አጠገቧ ደርሶ ያልፋታል።

ባለሙያዎች በአንድ ምልክት አይፈርዱም። የቅጠሉን ጠርዝ፣ የአበባውን ቀለምና ርዝመት፣ የአበባው ዘንግ ቅርንጫፍ ማውጣት አለማውጣቱን፣ የበቀለበትንም ቦታ አንድ ላይ ያያሉ። ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም እንደሚገኙት ካሉ የደረቁ ናሙናዎች ጋር ያመሳክራሉ። እናንተም ተክላችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ እስኪያብብ ጠብቁ፤ ሙሉ ተክሉን፣ ጠርዙንና አበባውን ለየብቻ ፎቶ አንሱ፤ የተገኘበትን ቦታም ጻፉ።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው፤ ስም ዕቃን ብቻ ሳይሆን እምነትንም እንደሚሸጥ በየቀኑ አያለሁ። «እሬት ነው» ስለተባለ ብቻ ጨምቆ የሚጠጣ ሰው አለ። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል፤ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች አይሆንም። በኬንያና በታንዛኒያ የሚበቅለው አሎ ባሊማ መርዛማ ነው። ስለዚህ በቅጡ ያልለያችሁትን እሬት ለማየት እንጂ ለመጠጣት አትትከሉት።

ደግሞም ገደል ላይ ያማረቻችሁን ነቅላችሁ አታምጡ። ከችግኝ ጣቢያ ግዙ፣ ልጆቻችሁም ሙሉ ስሟን ጽፈው ማሰሮዋ ላይ ይለጥፉ።