ሐይቁን ማን ጠጣው?

ሁዳዴ በገባ ቁጥር የአሣ ቤቶች ደጅ ይጨናነቃል። «አሣ ይበላል ወይስ አይበላም?» የሚለው የዓመት ክርክርም አብሮ ይጧጧፋል። እኔና ጓደኞቼም ጉላሻችንን እያጠቀስን ስንከራከር ከርመናል። በቀደም ግን አስተናጋጁ «ቆሮሶ አልቋል፣ ያለው አምባዛ ብቻ ነው» ሲለን አንዷ ጓደኛችን «ያው የአየር ንብረት ለውጥ ነዋ!» አለች። ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እውነት ሁሉም ነገር በእሱ ይሳበባል?

የዓሣ ሀብት ለአየር ንብረት ለውጥ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ የሚመዝኑ ባለሙያዎች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ምን እየመጣ ነው? ሰዉ በአሣው ላይ ምን ያህል ተደግፏል? ነገሩ ሲከፋስ ሌላ መውጫ አለው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት በዚህ መንገድ 132 አገሮችን መዝኖ ነበር። በጣም ተጋላጭ ካላቸው መካከል ባሕር የሌላቸው ማላዊና ዩጋንዳ ይገኛሉ። ስለዚህ «እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ማለት አያዋጣም።

እስቲ ወደ ራሳችን ወደ ዝዋይ (ደንበል) እንምጣ። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ፀሐይዋ ስትበረታ ውሃው ይተናል፤ ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ ቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው ዳርቻ ነው። እዚህ ድረስ ጓደኛችን ልክ ናት።

ግን ዝዋይን የምትጠጣው ፀሐይ ብቻ ናት? ሐይቁን የሚመግቡት የመቂና የካታር ወንዞች ገና በመንገዳቸው ላይ ለመስኖ ይጠለፋሉ። በሐይቁ ዳር ደግሞ ፓምፕ የደቀኑ የአትክልትና የአበባ እርሻዎች አሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። የአቢጃታን ታሪክ የሰማ ደግሞ ይደነግጣል። ከላይ መስኖው፣ ከራሱ ከሐይቁ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ሲስቡት ኖረው ሐይቁ ክፉኛ ሸሸ፣ አሣውም ጠፋ። በሻላ ደሴት የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች አቢጃታ ላይ ነበር የሚመገቡት፤ አሣው ሲያልቅ ወደ ሌላ ሐይቅ መብረር ያዙ። አስጋሪው ግን ክንፍ የለውም።

የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሙቀቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሙቀቱን ዝዋይ ላይ ቁጭ ብለን አንቀንሰውም፤ ፓምፑንና መረቡን ግን እንችላለን። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ሕጉ መደርደሪያ ላይ፣ ጫጩት የሚያወጣው ጠባብ መረብ ደግሞ ሐይቁ ላይ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እንዲህ የተራቆተ ሐይቅ አንድ የድርቅ ዓመት ሲመጣበት በምን አቅሙ ይችላል?

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ልኬቱ በአገር ደረጃ ብቻ ሲሆን አሣ በኢኮኖሚያችን ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ የዝዋይ አስጋሪ አማካዩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ለአገር ትንሽ የሆነው ለእሱ ሙሉ ጎጆው ነው። ስለዚህ ልኬቱ ሐይቅ በሐይቅ ይሁን። እያንዳንዱ ፓምፕ ምን ያህል ውሃ እንደሚስብ ይታወቅ፣ ለሕዝብም ይነገር። የአበባ እርሻው ለብዙ እኩዮቼ እንጀራ ነው፤ ይዘጋ አልልም። የሚጠጣው ይቆጠር ነው የምለው።

እኛ ጋዜጠኝነት የተማርንም ብንሆን ሐይቅ በጎደለ ቁጥር «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት» ብለን ዜናውን መዝጋት ይቅርብን። ያች ሐረግ ማንንም አታስጠይቅም፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ሁሉም የሚወዳት። በሚቀጥለው ሁዳዴ «ቆሮሶ አልቋል» ሲሉን ከመሳቃችን በፊት ማን እንደጨረሰው እንጠይቅ።