ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ

በትምህርት ቤቶች መካከል የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ሲኖር የወላጆች ዓይን የሚያርፈው ሜዳው ውስጥ በሚሮጡት ልጆች ላይ ነው። ከመስመሩ ውጭ፣ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጡትን ሁለት ሦስት ልጆች ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የሚታወሱት ውጤት ያጨቃጨቀ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ የሁሉም ጣት ወደ እነርሱ ይቀሰራል።

አንዲት እናት በዚሁ ጉዳይ ጥያቄ አቅርበውልናል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው ቁጥሩ በእጅ የሚገለበጠውን የውጤት ሰሌዳ እንድትይዝ በስፖርት አስተማሪዋ ትታዘዛለች። ጨዋታው ሲያበቃ ሰሌዳው 31 ለ30 ያሳያል። የተሸናፊው ቡድን ደጋፊዎች «ሁለት ነጥብ ሰረቀችን» ብለው ይጮኹባታል። ልጅቷም እያለቀሰች ቤቷ ትገባለች። እናትየዋ «ሁለተኛ እንዳትቀመጥ ልከልክላት ወይ?» ይላሉ።

እኅታችን፣ ለመከልከል አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንመልከት።

በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ጠረጴዛው ዘንድ የሚሠሩት አራት ናቸው፤ ነጥብ መዝጋቢ፣ ረዳት መዝጋቢ፣ ሰዓት ያዥና የ24 ሰከንዱን ሰዓት የሚቆጣጠር። ሰሌዳው የረዳቱ ድርሻ ነው። ዋናው ሰነድ ግን በመዝጋቢው እጅ ያለው ቅጽ ነው። በቅጹ ላይ ከ1 እስከ 160 የተደረደሩ ቁጥሮች አሉ። ኳስ ሲገባ ቡድኑ በደረሰበት ቁጥር ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርና ከጎኑ ያገባው ተጫዋች የመለያ ቁጥር ይጻፋል። ሦስት ነጥብ ከሆነ የተጫዋቹ ቁጥር ይከበባል፤ በቅጣት ውርወራ የተገኘ አንድ ነጥብ ከሆነ ደግሞ በመስመር ፈንታ የደመቀ ነጥብ ይደረጋል። ጥፋትም እዚያው ይመዘገባል። አንድ ተጫዋች አምስት ጥፋት ሲሞላበት ከሜዳ ይወጣልና መዝጋቢዋ አንዱን ከዘለለች መውጣት የነበረበት ሲጫወት ይቆያል ማለት ነው።

ለእናትየዋ ጥያቄ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳውና ቅጹ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ቅጹ የሚያጠራጥር ካልሆነ በቀር፣ የሚታረመው ሰሌዳው ነው። ቅጹ ራሱ ካጠራጠረ ጉዳዩ ጨዋታው በቆመበት ጊዜ ለዋናው ዳኛ ይነገራል። ዋናው ዳኛ እስኪፈርምበት ድረስም ስሕተት ሊታረም ይችላል። ስለዚህ ሰሌዳ የያዘች ልጅ ብቻዋን ግጥሚያ ልትሰርቅ አትችልም። እናትየዋን ስንጠይቃቸው ግን በዚያን ዕለት ቅጽ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰሌዳው ብቻውን መዝገብም ዳኛም ሆኖ ውሏል። ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን እንዲህ አድርገው ያስቀመጧት ሰዎች ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለነገሩ በጠረጴዛው ዙሪያ መደናገር ታላላቆቹንም አጋጥሟል። በ1964 ዓ.ም. የጳጉሜን ወር በሙኒክ ኦሊምፒክ የፍጻሜ ግጥሚያ አሜሪካ ሶቪየት ኅብረትን 50 ለ49 ስትመራ ሦስት ሰከንድ ቀርቶ ነበር። የሶቪየት አሠልጣኞች የዕረፍት ጊዜ ጠይቀን አልተሰጠንም ብለው ተከራከሩ። ሰዓቱ ወደ ሦስት ሰከንድ እንዲመለስ ታዘዘ፤ ሳይስተካከል ኳስ ተወረወረ፤ ደወል ተደወለ፤ አሜሪካኖቹ ጨፈሩ። ሦስቱ ሰከንድ እንደገና ተሰጠና አሌክሳንደር ቤሎቭ አግብቶ ሶቪየቶች 51 ለ50 አሸነፉ። አሜሪካኖቹ የብር ሜዳሊያውን አንቀበልም አሉ። እንግዲህ ለአዋቂ ያስቸገረውን ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያለ ረዳት መስጠት ምን የሚሉት ነው?

ሌላም ቅር የሚያሰኘን ነገር አለ። በአንዳንድ ቦታ ኳሱ ለወንዶች፣ እርሳሱ ለሴቶች የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለ ይመስላል። ሴቶች ይህን ጨዋታ የጀመሩት ትናንት አይደለም። ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን በፈጠረ በዓመቱ፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ ሴንዳ በረንሰን የተባለች መምህርት በአሜሪካ ለስሚዝ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች አስተምራዋለች። በኦሊምፒክ ግን የሴቶች ግጥሚያ የገባው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። መመዝገብ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ልጅቷ መጫወት እየፈለገች ከሆነ ግን ጠረጴዛው ከሜዳ ማስቀሪያ ሊሆን አይገባም። ይህን ከራሷ አንደበት ይጠይቋት።

መቀመጡን ከወደደችው ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው አስተማሪዋን ያነጋግሩ። ቅጽ ይኑር፤ ከሌለ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ቁጥሮቹን ደርድሮ ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ አዋቂ ከጎናቸው ይቀመጥ፤ ደጋፊም ወደ ጠረጴዛው እንዳይጠጋ ይደረግ። መዝጋቢዋ «አራት ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ» ስትል ሰሌዳ ያዧ ቃሉን ደግማ ቁጥሩን ትገልብጥ፤ ኳስ በቆመ ቁጥርም ሁለቱ ይተያዩ።

ቤት ውስጥም ልምምድ ይቻላል። ታናናሾቿ በግቢ ውስጥ ኳስ ወደ ቅርጫት ይወርውሩ፤ እሷ ትመዝግብ፤ እርስዎ ሽንኩርት እየከተፉም ቢሆን በቃልዎ ይቁጠሩ። ሲያበቃ ቁጥራችሁን አስተያዩ። ደንቡ አንደኛውና ሦስተኛው ሩብ በቀይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በሰማያዊ ወይም በጥቁር ይጻፋል ስለሚል ሁለት እስክሪብቶ በቦርሳዋ ቢጨምሩላት ደግ ነው።