ማሽላ ወይስ ማሾ? የዝናብ መዝገቡና የዩኒቨርሲቲዎች ጥያቄ

በአጣዬ ዙሪያ ባሉት የይፋት ቆላማ ቀበሌዎች በልጉ በጊዜው ከጣለ ገበሬው ማሽላውን ይዘራል። ማሽላ ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈልጋል። በልጉ ከቀረ ግን ክረምቱን ጠብቆ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ማሾ ከመዝራት ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ገበሬው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ዝናቡ መቼ እንደሚገባ፣ መሐል ላይ ስንት ቀን እንደሚቋረጥና መቼ እንደሚወጣ ነው። የወቅት ትንበያው ደግሞ በዋናነት የሚያጠነጥነው ጠቅላላው የዝናብ መጠን «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» በመሆን ዕድሉ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ይሥሩ የሚለው ሐሳብ ለይፋት ትርጉም የሚኖረው ይህን ክፍተት ከሞላ ነው።

የትንበያ ባለሙያዎቹ መረጃንና ትንበያን ለዩኒቨርሲቲዎች ስለ መክፈት የሚያሳዩት ጥንቃቄ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተመራማሪ ቢሳሳት በሚቀጥለው ጽሑፉ ያርማል። ተንባይ ሲሳሳት ግን መሬት ላይ የተበተነው ዘር አይመለስም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የየራሱን ትንበያ ቢያወጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የቱን ይዞ ወደ ገበሬው ይሂድ? ሌላም ቅሬታ አለ፤ እኔም እውነትነቱን እቀበላለሁ። ተማሪው ደብዳቤ አጽፎ መረጃውን ይወስዳል፣ በእንግሊዝኛ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በየጣቢያው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ተመልካች ልፋቱ ምን እንዳፈራ አይሰማም።

የዩኒቨርሲቲዎቹ መከራከሪያም ክብደት አለው፤ ትንበያን ያወጣው አካል ብቻውን ሊመዝነው አይገባም ይላሉ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የተቋሙ ባለሙያ የነበሩት ድሪባ ቆሪቻ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አስጌር ሶርተበርግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2011 የወጡትን የወቅት ትንበያዎች ከወረደው ዝናብ ጋር አነጻጸሩ። ትንበያዎቹ ያለፉትን ዓመታት አማካይ ይዞ ከመገመት በጥቂቱ ብቻ የተሻሉ ነበሩ፤ ወደ «መደበኛ» ያደሉ ነበር፣ ድርቅን አስቀድሞ በማመልከት ረገድም ደካሞች ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ ያስከተለውን ድርቅ፣ በቀጣዩም ዓመት ዕርዳታ የሚሹት ሰዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ድክመት ቀላል ነገር አይደለም። ድክመቱን ያወጣው ከውጭ የመጣ ወቃሽ ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቤቱ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቤቱን ሥራ መዘነ። ትብብር ስል በልቤ ያለው እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ መረጃውን ራሱን ይመለከታል። ተቋሙ ከኮሎምቢያና ከሬዲንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በጣቢያዎች የተለካውን ዝናብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዷል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቱፋ ድንቁ በኮሎምቢያ በኩል ሥራውን ከመሩት አንዱ ናቸው። በዚህም ጣቢያ በሌለበት ቦታ ጭምር ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን ዝናብ መገመት ተችሏል። ለአጣዬ ጥቅሙ ግልጽ ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቃጠል እንደሆነው፣ ሰው ነፍሱን ለማዳን በሚሸሽበት ሰሞን የዝናብ መለኪያ አንብብ ብሎ ማንንም ማስገደድ አይቻልም፤ ያለፈውንም ቀን ተመልሶ የሚለካ የለም። ሳተላይቱ ግን የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው። በተራራ ግርጌ ካልቀዘቀዘ ደመና የሚወርደውን ዝናብ ሊስተው ይችላል፤ ይፋት ደግሞ ከጣርማበር ሰንሰለት ሥር ናት። ስለዚህ የሳተላይት መረጃ አለን ብሎ ከመሬት ልኬት መዘናጋት እዚህ አያዋጣም።

የእኔ ሚዛን በመረጃው ጉዳይ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በማስታወቂያው ጉዳይ ወደ ተቋሙ ያዘነብላል። የዕለት ልኬቱ ጥራቱ ከተመረመረ በኋላ ለአገር ውስጥ ተመራማሪ ሁሉ ያለ ደጅ ጥናት ይከፈት፤ ለገበሬው የሚነገረው ትንበያ ግን ከአንድ አፍ ይውጣ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ያለው ደጋ ላይ ነው፣ በግቢው የሚለካው ዝናብ አጣዬ ስላለችበት ስለ ኤፍራታና ግድም ወረዳ ብዙም አይናገርም። ተመራማሪዎቹ ወደ ቆላው ወርደው የበልጉን አገባብና የክረምቱን መቋረጥ ከማሽላው ዕድገት ጋር አብረው ቢመዘግቡ፣ ኢንስቲትዩቱም ግኝታቸውን በሚቀጥለው የወቅት ትንበያ ውስጥ የማስገባት ግዴታ ቢኖርበት፣ መረጃው የተወሰደበት ወረዳ የድርሻውን ያገኛል። የዚህን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው ገና መልስ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ወገን በጀት የለንም ማለታቸው ደግሞ እውነት ነው።