«ሞተሩ ይውረድ» ከማለታችን በፊት

ኸሪፍ ሲቃረብ ሐምዳይት ላይ የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፤ የማን አይሱዙ ጭስ አበዛ፣ የማን ትራክተር ዘይት በላ፣ የማን ሞተር ወረደ። ግማሾቻችን «ፋሻ ብቻ ቀይረን ሰሊጡን እናንሳበት» እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «ከተከፈተ አይቀር ሁሉም አዲስ ይሁን» እንላለን። በእኛ እምነት ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለቱም ሳይለካ የተወሰነ ነውና።

የራሳችንን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽርክና የያዝነው አሮጌ አይሱዙ ዘይት መብላት ጀመረ። ገንዘብ ስላጠረን ፋሻና ብሮንዚና ብቻ አስቀየርን፤ ፒስቶኑ የሚመላለስበትን ካሚቻ ማንም አልለካውም። ተበልቶ ሞላላ በሆነ ካሚቻ ውስጥ አዲስ ፋሻ ቢገባ አጥብቆ አይዘጋም። ኅዳር ላይ ሰሊጥ ጭነን ወደ ገዳሪፍ ስንሄድ መኪናው ጉልበት አጥቶ መንገድ ላይ ቀረ። ሞተሩን እንደገና አወረድነው። የእጅ ዋጋውን፣ ጉርኒሲዮኑንና ዘይቱን ሁለት ጊዜ ከፈልን። ከሁሉም የከበደን ግን መኪናው ያልሠራበት አንድ ወር ነው። ኮሜርስ የተማርነው ሂሳብ ይህን ያመለጠ ገቢ ይቆጥረዋል፤ የጋራዥ ደረሰኝ ግን አይጽፈውም።

ስለዚህ ከመክፈት በፊት ምርመራ ይቅደም። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የሞተር ማርጀት ሳይሆን የአየር ማነስ ወይም የነዳጅ መርጫ ችግር ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ ይታይ። ግፊቱ ደህና ከሆነና ዘይት የሚበላው በጥቂቱ ከሆነ፣ በኸሪፍ ጭቃ መካከል ከመክፈት ዘይት እየጨመሩ ወቅቱን መጨረስ ይሻላል።

ከተከፈተ ደግሞ ማይክሮሜትሩ ይፍረድ። ካሚቻው ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ይለካ። ፋብሪካው ከፈቀደው ልክ ካላለፈ ፋሻ ይበቃዋል። ካለፈ ካሚቻ፣ ፒስቶንና ፋሻ አብረው ይለወጡ። ኮሎው ከተጫረ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ፤ ብዙውን ጊዜ በ0.25 ሚሊሜትር እየተቀነሰ ነው የሚላገው፣ ብሮንዚናውም በዚያው ልክ ይገዛል። በተጫረ ኮሎ ላይ አዲስ ብሮንዚና ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ኮሎው የመጨረሻው ልክ ላይ ከደረሰ ወይም የሞተሩ አካል ከተሰነጠቀ ግን እዚያው እንቁም። «እስካሁን ይህን ያህል አውጥተናል» የሚለው ሐሳብ ተጨማሪ ማውጣትን አያስገድድም።

ገዳይ የሆነውንም አንርሳ። በእኛ መንገድ ሞተርን ከዕድሜ ይልቅ አቧራ ይበላዋል። የተቀደደ የአየር ማጣሪያ ወይም የላላ የአየር ቱቦ ሳይስተካከል የተሠራ ሞተር በአጭር ጊዜ ወደ ጋራዥ ይመለሳል።

«ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መለዋወጫ ማግኘት ይበልጥ ከብዷል። ግን ዕቃው በከበደ ቁጥር ያለ ልኬት መግዛት ይበልጥ ያከስራል። መለካት ከዕቃ ይረክሳል። ገንዘቡ ለሚገባው ሥራ ካልሞላ ግማሽ ሥራ ከማሠራት መኪናውን አቁሞ፣ ለአንድ ወቅት ከሌሎች ጋር ተዳብሎ በኪራይ ማስጫን ይሻላል።

እኛ ሴቶች ጋራዥ ስንገባ «እናንተ አታውቁትም» እየተባልን ዝም ማለት ለምደናል። ከእንግዲህ በአክብሮት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ «ኡስታ፣ ልኬቱን በወረቀት ይስጡን።» የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ገንዘባችንን ከመቁጠራችን በፊት ያን ወረቀት እናንብብ።