ኩባንያው የሰጠውን ቈጠርን፤ የወሰደውንስ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ፤ «የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት» ይሉታል። ትርጕሙ አንድ ድርጅት ትርፉን ከመቍጠር አልፎ በአካባቢው ሕዝብ፣ በሠራተኛው፣ በውኃውና በመሬቱ ላይ ላደረሰው ሁሉ መልስ ሰጪ ነው ማለት ነው። መልስ ለመስጠት ደግሞ ሒሳብ ያስፈልጋል። ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት የፈለግነው ይህ ሒሳብ እንዴት እንደሚሰበሰብና ለማን እንደሚነገር ነው።

እኛም ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣን፣ ስሙን ለማናነሣው አንድ ድርጅት፣ ከወለጋ ርቆ በሚገኝ ወረዳ፣ እንዲህ ያለውን መረጃ እየመዘገብን ጥቂት ወራት አሳልፈናል። የተሰጠን ቅጽ ተራ ቍጥር፣ የሥራው ዓይነት፣ የወጣው ገንዘብ፣ የተጠቃሚው ብዛት የሚሉ ዓምዶች ነበሩት፤ በስተመጨረሻም በማናቸውም ቅጽ ላይ እንደሚገኘው «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። የተጠቃሚው ብዛት የሚገኘው በአካባቢው ያሉትን ቤቶች ቈጥሮ በአምስት በማባዛት ነበር። አንድ ቀን ብዙ ተጠቃሚ አለው ወደ ተባለ የእጅ ፓምፕ ብንሄድ፣ እጀታው ተነቅሎ ፍየል ታስሮበት አገኘነው። «ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አልሰጠንም፤ ልጆቼ» አሉን አንዲት እናት። ይህንኑ በምርመራው ዓምድ ጻፍን። ዓመታዊው ሪፖርት ታትሞ ሲመጣ ግን የምርመራው ዓምድ ቀርቷል። ብንጠይቅ «የወረቀቱ ስፋት አልበቃም» ተባልን። ተጠቃሚዎቹ አንድም ሳይጎድሉ በቦታቸው ነበሩ።

በዚህ ነገር ውሸታም የምንለው ሰው የለንም። የገንዘብ ክፍሉ ደረሰኙን፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ፎቶግራፉን፣ እኛም ቤቱን ቈጥረናል። ሁላችንም የቈጠርነው ከድርጅቱ እጅ የወጣውን ነው። ሕዝቡ ዘንድ የደረሰውንና የቀረበትን እንድንቈጥር ግን ማንም አላዘዘንም።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ሥራው ትልቅ በሆነበት ስፍራ ነው። ከነቀምት ወደ ደቡብ ተጕዞ የአርጆን ደጋ ያለፈ መንገደኛ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ሙቀቱ ይቀበለዋል። በዚያ ሸለቆ የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ይገኛል። በመጀመሪያ አንድ የፓኪስታን ኩባንያ ጀመረው፤ በ2005 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ስኳር ኮርፖሬሽን ተዛወረ፤ በቀን 8,000 ቶን ሸንኮራ እንዲፈጭ የታቀደ ነው። ስኳር ለአገር አስፈላጊ መሆኑን፣ ፋብሪካም እንጀራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሸንኮራ ውኃ ይጠጣል፤ የመስኖ ውኃ ባለበት ቆላ ደግሞ የወባ ትንኝ ትራባለች። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ያሉበት አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ፣ በአርጆ ደዴሳ መስኖ ባለበት አካባቢ የወባ አስተላላፊዋ ትንኝ መስኖ ከሌለበት ይልቅ በዝታ መገኘቷን አስረድቷል። ይህን ቍጥር የሰበሰቡት ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ዓላማቸውም የማንንም ሪፖርት ማረም አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው እውነት በማኅበራዊ ኃላፊነት መዝገብ በየትኛው ዓምድ ይገባል? ማናቸውም የመስኖ ድርጅት አጎበር ቢያድል በስጦታ ተርታ ይጻፍለታል። ትንኟን ያበዛው ውኃ ግን በሌላ መዝገብ ወይም በማንም መዝገብ ላይ አይገኝም። እንዲህ ሲሆን የጕዳቱ ካሣ ቸርነት ተብሎ ይቈጠራል ማለት ነው። ይህን ስሕተት በትምህርት ቤት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረ ልጅ እንኳ አይሠራውም፤ ገቢን ጽፎ ወጪን የተወ ፈተናውን ይወድቃልና።

በውጭ አገርም ነገሩ የታወቀው በጕዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የኤክሰን ኩባንያ መርከብ በአላስካ ባሕር ላይ ነዳጅ ካፈሰሰ በኋላ ኩባንያዎች ስለ አካባቢያቸው ሪፖርት ያድርጉ የሚል ንቅናቄ በረታ፤ ከዚያም የተነሣ በ1997 ጂአርአይ የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። የእርሱ ደንብ ኩባንያው ለአካባቢው ሕዝብ ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ያደረሰውንና ሊያደርስ የሚችለውን ጕዳት ጭምር እንዲገልጽ ይጠይቃል። በ2023 የወጡት አዳዲሶቹ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች ደግሞ በይበልጥ የተጻፉት ገንዘቡን ለሚያፈስሰው ባለሀብት ነው። ባለሀብቱ ማወቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለለንደን አንባቢ የተዘጋጀ ሪፖርት ለደዴሳ ገበሬ ምን ይነግረዋል?

የሕዝቡን ቍጥር በጊዜው ያልጠየቀ በሌላ መንገድ ይቀበለዋል። በጉጂ የለገ ደንቢ ወርቅ ማምረቻ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. የታገደው፣ የሻኪሶ አካባቢ ሰዎች ስለ ጤናቸው አቤት እያሉ አደባባይ ከወጡ በኋላ ነው።

አንድ ባለሥልጣን ወዳጃችን ይህን ሲሰሙ «ያሉት ቅጾች አንገታችንን ይዘውን ሌላ ትጨምራላችሁ?» ብለው ተቈጡ። ቍጣቸው ፍትሐዊ ነው፤ አዲስ ቅጽ ግን አልጠየቅንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የወባ በሽተኞችን በየጤና ኬላው ይመዘግባሉ፤ በየሳምንቱም ወደ ላይ ያስተላልፋሉ። ለሸንኮራው የቀረበውን ቀበሌና የራቀውን ቀበሌ ጐን ለጐን ማስቀመጥ ብቻ ነው የጐደለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ሕዝቡ በሚነካው የልማት ሥራ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ የ1995ቱ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም ጥናቱ ለሕዝብ ይገለጥ ይላል። ስለዚህ ውጤቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጠርዞ አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ፣ በአርጆ በገበያ ቀን በኦሮምኛ ቢነበብ ይሻላል። ፓምፑ የተሰበረባቸው እናት ቆመው «ይህ ልክ አይደለም» የሚሉት ያን ጊዜ ነው።

ሌላም አለ። ወለጋ በእነዚህ ዓመታት ብዙ መከራ አይታለች፤ መንገድ ተዘግቶ መዝጋቢ ያልደረሰበት ወር ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ወር የአምናውን ቍጥር ገልብጦ መሙላት ይቀላል። ባዶውን ትቶ ምክንያቱን መጻፍ ግን የበለጠ ታማኝነት ነው፤ ያ ባዶ ቦታ ራሱ ስለ ሕዝቡ አንድ ነገር ይናገራልና።

በነቀምት የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በውስጡም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ የሚያስሱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ለመጀመሪያው ንጽጽር የሚያስፈልጋቸው የወረዳው ፈቃድ፣ የሁለት ጤና ኬላዎች መዝገብ፣ የምርመራው ዓምድ ሰፋ ያለበት አንድ ወረቀት፣ መንገዱም ሰላም ሲሆን የጥቂት ቀን ጕዞ ነው።