የአቶምን ውዳቂ መርምሮ ስለ ማኖር

ከአቶም ሥራ የሚተርፈው ውዳቂ የሚያስፈራው በጨረሩ ብቻ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያስባል። ነገር ግን በውስጡ ናይትሬት የሚባለው ጨውና ከዕፀዋት ወይም ከዘይት የተገኘ፥ ኦርጋኒክ የሚባል ነገር አብረው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ባሩድ ከናይትሬትና ከከሰል፥ ከድኝም እንደሚቀመም የሚያውቅ ሰው፥ የሁለቱ ጉርብትና ምን እንደሚያመጣ ለመረዳት አይቸገርም።

የካቲት 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ፥ 655 ሜትር ያህል ከምድር በታች በጨው ዓለት ውስጥ በተቈፈረው መጋዘን አንድ በርሜል ግሎ ተከፈተ። ፕሉቶኒየምና አሜሪሲየም በአየር ተበተኑ፤ ከ20 የሚበልጡ ሠራተኞችን በመጠኑ ነካቸው፤ መጋዘኑም እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ውዳቂ ሳይቀበል ቆየ። ምክንያቱ ቢመረመር፥ በሎስ አላሞስ ፈሳሹን እንዲመጥ ከናይትሬቱ ጋራ የተጨመረው፥ ለድመት መጸዳጃ የሚነጠፍ ከስንዴ የተሠራ ነገር ሆኖ ተገኘ። የሚገባው ከማዕድን የተገኘ መምጠጫ ነበር፤ በሥራው መመሪያ ግን «ኦርጋኒክ» ተብሎ ተጽፎ፥ በሚገባ ሳይታረም በሥራ ላይ ዋለ። በእንግሊዝኛ ይህን ቃል ከተቃራኒው የሚለየው በመነሻው የሚጨመር ሁለት ፊደል ብቻ ነው።

ይህም የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ አልነበረም። መስከረም 19 ቀን 1950 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት በኡራል፥ ማያክ በተባለው ስፍራ፥ የአንድ ማጠራቀሚያ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ፥ ናይትሬትና የኮምጣጤ ዘር የሆነው አሴቴት ደርቀው ፈነዱ። 160 ቶን የሚመዝነው የሲሚንቶ ክዳን ተወረወረ፤ ውሎ አድሮም ከ10,000 በላይ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ።

ምርመራ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን ምርመራ አደጋን ብቻ አይገልጥም፥ ከንቱ ፍርሃትንም ያስወግዳል። በዋሽንግተን ግዛት በሃንፎርድ 177 የምድር ውስጥ ማጠራቀሚያዎች አሉ። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ አጠራጣሪዎቹ በብርቱ እንዲጠበቁ አዘዘ። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ናሙና እየቀዱ ቢመረምሩ፥ ኦርጋኒኮቹ በጨረርና በዕድሜ ብዛት ተሰባብረው የመቃጠል ኃይላቸው እንደ ደከመ ተረዱ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያዝ ሹም ሁሉ፥ ከፊርማው አስቀድሞ የመርማሪውን ቃል መጠየቅ ይገባዋል። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሓፊ አንዲት ፊደል ቢስት ምሥጢር እንደሚፋለስ ሊቃውንት ያውቃሉ፤ በዚህ ሥራ አንዲት ቃል ስትሳት የሚፋለሰው የሰው ጤና ነው።